የአንባቢያን የሕግ ጥያቄ፦ በሰው ጌም ላይ የሠራሁት ሞድ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ በአንድ የውጭ ኩባንያ የመኪና መንዳት ጌም ላይ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለውን መንገድ፣ የድሮዎቹ ቤቶች ከመፍረሳቸው በፊት እንደነበረ አድርጌ ሠርቼ ጨምሬበታለሁ፤ ተጫዋቾች ጌም ላይ የሚጨምሩትን እንዲህ ያለ ሥራ «ሞድ» ይሉታል። ሰማያዊና ነጩን ሚኒባስ ብሌንደር በተባለው የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ አንድ ሰው!» እያለ የሚጣራው ደግሞ የጓደኛዬ ድምፅ ነው። የቤቶቹን ገጽታ ግን ከፌስቡክ በሰበሰብኳቸው ፎቶግራፎች ነው ያለበስኩት። ሞዱን በነፃ ለቅቄው ነበር፤ አሁን አንድ ጌም ቤት በፍላሽ እየገለበጠ እንደሚሸጠው ሰማሁ። በሌላ በኩል አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የደንበኛውን ምልክት ሚኒባሱ ላይ ለጥፌ ሞዱን እንድሸጥለት ጠይቆኛል። ጌሙን ስጭን ስምምነቱን ሳላነብ «እስማማለሁ» ብያለሁ። ሞዱ የእኔ ነው? መሸጥስ እችላለሁ?

ዮ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ነጣጥለው ማቅረብዎ ተገቢ ነው፤ በሞድ ጉዳይ የአንድ ነገር ባለቤት መሆንና ያንን ነገር መሸጥ መቻል ብዙ ጊዜ አብረው አይሄዱምና።

ከአገራችን ሕግ እንነሣ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም በፋይልም ሆነ በወረቀት ከሰፈረ፣ ጥራቱና የተሠራበት ዓላማ ሳይታይ ለሥራ አመንጪው ጥበቃ ይሰጣል። ሥራው ጥበቃ እንዲያገኝ አስቀድሞ መመዝገብ የለበትም። ከሌላ ሰው ሥራ ተነሥቶ የተሠራ ሥራም ይጠበቃል፤ ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ የመነሻውን ሥራ ባለቤት መብት አይነካም፤ ሥራውን የመለወጥና ለሌላ አገልግሎት የማዋል ፈቃድም በእርሱ እጅ ይቆያል። ስለዚህ «ሞዱ የእኔ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሞዱ በጅምላ የሚመለስ አይደለም፤ የተሠራባቸው ክፍሎች አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።

በብሌንደር ከባዶ የሠሩት የሚኒባስ ሞዴል ከጌሙ ምንም ስላልወሰደ የእርስዎ ሥራ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው የመኪና አምራቹ የንግድ ምልክት ግን የአምራቹ ነው። የጓደኛዎ ድምፅ ጓደኛዎ ካልፈቀደ ለንግድ ሊውል አይገባም፤ ቃል በቂ ነው ብለው አይተዉት፣ በጽሑፍ ያስፈርሙት። በፎቶግራፎቹ ላይ መብት ያላቸው ያነሷቸው ሰዎች ናቸው፤ ፌስቡክ ላይ መለጠፋቸው ለሁሉም ተፈቀዱ ማለት አይደለም። ከጌሙ የራሱ ፋይሎች ተገልብጦ ወይም ተሻሽሎ የገባ ነገር ካለ ደግሞ እርሱ የኩባንያው ነው። በእኔ አስተያየት ከሕንፃዎቹ ፎቶግራፎች ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ያለ ንባብ ያለፉት ስምምነት ነው።

ስምምነቶቹ ጨርሶ አንድ ዓይነት አይደሉም። ማይንክራፍት የተባለው ጌም ስምምነት ከባዶ የሠሩት ሞድ የእርስዎ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል፤ ሆኖም ሞዱን በገንዘብ እንዳይሸጡና የተለወጠውን ጌም ራሱን እንዳያሰራጩ ይከለክላል። ቤተስዳ የተባለው የጌም ኩባንያ ለሞድ ሠሪዎች የሚሰጠው የመሥሪያ መሣሪያ ውል በበኩሉ ሞዱን ሲያሰራጩ ኩባንያው ሊሻር የማይችል፣ ጊዜ ያልተገደበለትና ክፍያ የማይጠየቅበት የመጠቀም መብት እንዲያገኝ ያደርጋል። ባለቤትነትዎ በስም ይቀራል፤ ነገር ግን ኩባንያው ያለ እርስዎ ፈቃድ በሥራው መጠቀም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ የወጣው ብሊዛርድ የተባለው የጌም ኩባንያ ፖሊሲ ከሁሉም የጠነከረ ነው፤ በጌሙ ውስጥ ተጫዋቾች የሚሠሯቸው ጨዋታዎች የኩባንያው ብቸኛ ንብረት እንደሆኑ ይደነግጋል።

ብሊዛርድ ወደዚህ የደረሰው በምክንያት ነው። «ዶታ» የተሰኘው ጨዋታ የተወለደው እርሱ ከለቀቀው ከዋርክራፍት 3 ውስጥ፣ ኩባንያው ለተጫዋቾች በሰጠው የካርታ መሥሪያ ነበር። መጀመሪያ የሠራው «ዩል» በሚል ስም የሚታወቅ ተጫዋች ሲሆን እርሱ ሲተወው ሌሎች እየተቀባበሉ አሳደጉት። ከዚያ ቫልቭ የተባለው ተፎካካሪ ኩባንያ ሠሪዎቹን ወደ ራሱ ወስዶ፣ በስሙ ላይ ከብሊዛርድ ጋር ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተስማማ በኋላ ዶታ 2ን በ2013 አወጣ። ባለቤትነቱ ማን ዘንድ እንደነበረ የሚለው ጥያቄ ግን በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት እንደገና ተነሣ፤ ዩል በ2004 ማንም እንዲቀጥልበት በይፋ መጻፉ መብቱን ጥሏል ያሰኛል ወይ የሚለው ነጥብ በ2017 ዳኛው በራሱ ብይን ሊዘጋው ያልቻለ፣ ለዜጎች ጁሪ ይቅረብ የተባለ ክርክር ሆነ። በነፃ ሲለቁ የጻፏት አንዲት መስመር ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ልትቀርብ እንደምትችል ልብ ይበሉ፤ እርስዎ ሲለቁት የጻፉት ነገር ካለ አሁኑኑ አውጥተው ያንብቡት።

ስለ ጌም ቤቱ ስናነሣ ደግሞ የሚቀርበው ምሳሌ ሌላ ነው። ማይክሮ ስታር የተባለ ድርጅት የዱክ ኑከም 3ዲ ተጫዋቾች በነፃ የለቀቋቸውን 300 ካርታዎች ሰብስቦ በሲዲ ሸጠ። በካርታዎቹ ውስጥ የጌሙ ሥዕል አልነበረም፤ የትኛው ሥዕል የት ይቀመጥ የሚል ትእዛዝ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ካርታዎቹ የጌሙን ታሪክ የሚቀጥሉ በመሆናቸው ከጌሙ የተወለዱ ሥራዎች ናቸው፣ መሸጣቸውም የባለቤቱን መብት ይጥሳል ሲል ወሰነ። በዚያ ክርክር ማይክሮ ስታርን የተከራከረው የጌሙ ወገን እንጂ ካርታዎቹን የሠሩት ተጫዋቾች እንዳልነበሩ ይገንዘቡ። ውሳኔው የአሜሪካ ነው፤ የኢትዮጵያን ዳኛ አያስገድድም። ነገር ግን «ከጌሙ አንድም ፋይል አልወሰድኩም» የሚለው መከላከያ ብቻውን ሁልጊዜ እንደማያድን ያሳያል።

ስለዚህ በጌም ቤቱ ላይ ያለዎት መብት በስምምነቱ ይወሰናል። ስምምነቱ ለኩባንያው ፈቃድ ብቻ ሰጥቶ ባለቤትነቱን ለእርስዎ ከተወ፣ ራስዎ በፈጠሩት ክፍል ላይ ፍርድ ቤት የማገጃ ትእዛዝ እንዲሰጥና ካሳ እንዲወስንልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ለዚህም ቀኑን የያዙት የብሌንደር ፋይሎች ዋና ማስረጃዎ ናቸው፣ አንዱን ቅጂ ከኮምፒዩተርዎ ውጪ ያስቀምጡ። ባለቤትነቱን አስተላልፈው ከሆነ ግን ከሳሹ ኩባንያው ነው። እርስዎ የሚችሉት ለኩባንያው ማሳወቅ ብቻ ይሆናል፤ ያኔም የራስዎ ሞድ አብሮ ሊመረመር እንደሚችል አይዘንጉ። ፎቶግራፎቹን አስቀድመው በራስዎ ባነሷቸው ቢተኩ ይሻላል ብዬ እመክራለሁ፤ የፈረሱትን ቤቶች ዛሬ ማንሣት አይቻልምና ለእነርሱ አንሺዎቹን ፈልጎ ማስፈቀድ ግድ ነው።

የማስታወቂያ ድርጅቱን ጥያቄ በቀረበበት መልክ እንዳይቀበሉት። ሞዱ ለተጫዋቾች በነፃ ቢሰጥ እንኳ ምልክት ለጥፎ ከድርጅት ገንዘብ መቀበል ንግድ ነው፤ አብዛኞቹ ስምምነቶች የሚከለክሉትም ይህንኑ ነው። ይልቁንም ከጌሙ ውጪ ያለውን የራስዎን ሀብት፣ የሚኒባሱን ሞዴል፣ የአምራቹን ምልክት አንሥተው ለድርጅቱ የአኒሜሽን ማስታወቂያ እንዲውል ሊያቀርቡለት ይችላሉ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚሰጡት የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አለመሆኑን፣ ለስንት ጊዜና ለየትኛው ማስታወቂያ እንደሆነ ይጠቀስበት። የጓደኛዎ ድምፅ በማስታወቂያው ከተካተተ እርሱም በውሉ ላይ ይፈርም፤ ድርሻውም ይለይለት።