አያትን ቤት ጠባቂ፣ ልጅን ቱሪስት አታድርጉ

ክረምት በገባ ቁጥር ከውጭ የሚመጣውን ወገኔን አያለሁ። ልጆቹን ይዞ ባሕር ዳር ይወርዳል፣ ጀልባ ይከራያል፣ ጢስ ዓባይ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ የጣና ዓሣ ይበላል። እነዚህን ልጆች ለማየት ዓመት ከዓመት ሲሳሉ የኖሩት አያት የት አሉ ብትሉት፣ «እቤት ናቸው፤ ራት እየሠሩልን ነው» ይላል። ኧረ በሕግ አምላክ! ልጁ ሐይቁን አየ፣ ፏፏቴውን አየ፤ አያቱን ግን በሰሐን አቀራረባቸው ብቻ አውቆ ተመለሰ።

እኔ በስደት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ አዲስ መጪው ሲሰናከል ማየት ስለሰለቸኝ አልለሳለስም። ጎጃም ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚውሉበት ቦታ ሞልቷል። የጠፋው አብረው እንዲውሉ የሚተዋቸው ወላጅ ነው።

1. ወረቀት

የልጆቹ ፓስፖርት መቼ እንደሚያበቃ እዩ፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን ወይም ቪዛውን ቀድማችሁ ጨርሱ። በቃ።

2. መቼና በየት

የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በግጭት ውስጥ የኖረ አገር ነው። የፌስቡክ ወሬ ሰምታችሁ አትምጡ፤ የፌስቡክ ወሬ ሰምታችሁም አትቅሩ። ቦታው ላይ ያለ ዘመድ ጠይቁ፤ በመኪና የምትወጡ ከሆነ ደግሞ በዚያው ዕለት ጠዋት ደግማችሁ ጠይቁ። አያቶቹ የገጠር ሰዎች ከሆኑ ወደ ከተማ መቼ መውጣት እንደሚሻል የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ከሜሪላንድ ሆናችሁ ቀን አትቁረጡላቸው።

በአውሮፕላን ከገባችሁ ጉብኝቱ ከማረፊያው ይጀምራል። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ነው የሚጠራው። አያት ሊቀበሏችሁ ከመጡ «በላይ ማነው?» ብሎ ልጁ ይጠይቃቸው። አባ ኮስትር በላይ ጣሊያንን እንዴት እንደተዋጋ፣ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ በገዛ አገሩ እንዴት እንደተሰቀለ፣ ሻንጣው እስኪመጣ ድረስ አይጨርሱለትም።

የውጭ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ አያት ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምሱም፤ ቅዳሴው የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው። እናንተ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ጀልባ አዝዛችሁ «ቁርስ እዚያ እንበላለን» ስትሏቸው ከጾማቸውና ከልጅ ልጃቸው አንዱን እንዲመርጡ እያስጨነቃችኋቸው ነው። በጾሙ ቀናት ልጁን ቅዳሴ ይውሰዱት፤ የቡሄ ዕለት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ይበል፤ ረዥሙን መንገድ ከነሐሴ 16 በኋላ አድርጉት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን እንደሚቀራችሁ አውቃለሁ። እንግዲያው ያቺን ጥቂት ቀን ለጓደኛ ሠርግና ለመሬት ጉዳይ አትበትኗት።

ባሕር ዳር ወባ አለ። ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ማታ አጎበር ይኑር።

3. ጣና

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ አንድ ቀን አይበቃውም፣ ሁሉንም ላዳርስ አትበሉ። ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም አያቶችን ያስፈራል። ሳትሳፈሩ ዋጋ ጨርሱ፤ ለልጅ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ልጆቹ እንዳይዋኙ፤ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ።

ጉልበት ለደከማቸው አያቶች ዓባይ ከሐይቁ እስከሚወጣበት ድረስ ያለው አጭር የጀልባ መንገድ ይበቃል። ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬ ታያላችሁ፤ ይብራ አይጠፋም፤ ደንገል የጫነ ታንኳም ያልፋል። ዓባይ ከጣና ውኃ ጋር ሳይቀላቀል ሐይቁን ሰንጥቆ ይወጣል የሚለውን የአባቶች ወግ አያት ሲያወሩ፣ «ይህ ሳይንሳዊ አይደለም» ብላችሁ ጣልቃ የገባችሁ እንደሆነ የታችኛው ዓለም ቦታ ይዞላችኋል። ልጁ ሳይንሱን ትምህርት ቤት ያገኘዋል።

መራመድ ለሚችሉት ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ ትንሽ ዳገት ቢኖረውም በቡና ጫካ ጥላ ውስጥ ነው፤ ቀስ እያሉ ይሄዱታል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በቆየ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ገበሬው አያት ይህን ሲሰሙ ከመነኩሴው ጋር የሚገጥሙት ክርክር ብቻውን ያስኬዳል። መቅደሱን የከበቡትን ሥዕሎች የሚያስረዳ አስጎብኚ ይኖራል። ክፈሉትና፣ «ዛሬ የምታስረዳው እማማ ናት» በሉት። ሰባ ስምንት ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነ ድውይ ጥርኝ ውኃ በማጠጣቱ የዳነው የበላዔ ሰብእ ታሪክ እዚያ ተሥሏል። ይህን ታሪክ ከአያት አንደበት የሰማ ልጅ ታብሌቱን አይጠይቅም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ሕፃንም ብትሆን። ሴት አያትና የልጅ ልጇ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ወንዶቹ ሲወጡ ማየት ልጅቷን ያስለቅሳል፤ አይቻለሁ። አጠገቡ ያለው እንጦስ የሴቶች ገዳም ነው፤ ወደዚያ ውሰዷቸው። ወይም ክብራንን ተዉት።

ጭራሽ መራመድ ለማይችሉት ቤዛዊት ኮረብታ በመኪና ይወጣል። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያለበት ነው፤ ዓባይ ከታች ተጠማዞ ሲሄድ ይታያል። በንጉሡ ዘመን ያደገ አያት እዚያ ቆሞ ዝም አይልም።

4. ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ የሚታየው ጭላጭ ነው፤ ሙሉውን ለማየት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ አልፎ ዳገት ይወጣል፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ለሽማግሌ አይሆንም። ሁለተኛው በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ በሜዳ የሚያስሄድ ነው፤ ለአያቶች እሱ ይሻላል። ወንዙ በጣም ሲሞላ ግን ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ።

5. ልጁ በምን አፉ ያውራ?

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ። እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ ልጁ አማርኛ ካልሰማ ከንቱ ነው።

በቅኔ ቤቶቻችን፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ብለን ስንኮራ እንውላለን። ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ ቅኔ ፍለጋ እየተነሣ የሚመጣው ወደ ጎጃም ነው። የዚያ አገር ሰው የልጅ ልጅ ታዲያ ከ«ሰላም ነው» በላይ አይዘልቅም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ወላጁን «ለምን?» ስትሉት «እንግሊዝኛው እንዳይበላሽበት ብዬ» ይላል። የማን ልጅ ነው አማርኛ ስላወቀ እንግሊዝኛ የጠፋበት? ስንቱን የኤርትራ፣ የሶማሊያ፣ የቻይና ልጅ በሁለት ቋንቋ ሲያድግ ጎረቤታችሁ አላያችሁም? በየወሩ ገንዘብ ትልካላችሁ፤ እሰይ፣ ይባርካችሁ። ነገር ግን አያት የላካችሁትን ብር ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ የሚያወሩት ሰው ይፈልጋሉ። እናንተ ደግሞ ስልኩን ለልጁ ትሰጡታላችሁ፣ ልጁ «ሃይ» ብሎ ይሮጣል፣ እናንተ ትስቃላችሁ። ከወዲያ በኩል ያሉት ይሥቃሉ ብላችሁ ነው?

እናቴ ከባሕር ዳር የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ቦታ ተቀምጣ ዘጌን በስም ብቻ አውቃ አለፈች። ልጆቼ ሊወስዷት የሚችሉበት ዕድሜ ላይ ሲደርሱ እሷ አልነበረችም። ይህ በሌላ ነገር አይካስም፤ ስለዚህ ቁጣዬን ቻሉት።

ምን ይደረግ? ከመምጣታችሁ ከወራት በፊት ልጁ በየሳምንቱ ከአያቱ ጋር ብቻውን ይደዋወል፤ እናንተ ክፍሉ ውስጥ አትቀመጡ። የሚያወሩት ካጡ እንቆቅልሽ አለላችሁ። አያት «እንቆቅልህ» ይላሉ፤ ልጁ «ምን አውቅልህ» ይላል። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ጤዛ መሆኗን ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ልጁም አገር ይሰጣል። አያት ጎጃምን ካልሰጠኸኝ ብለው ሲከራከሩ፣ ጎንደርን ሰጥቶ ሲያባብላቸው፣ ሳያውቀው የአገሩን ስሞች ያጠናል። ይህን በስልክ የለመደ ልጅ የዘጌን የጀልባ መንገድ ሙሉውን በእንቆቅልሽ ይጨርሰዋል። ትምህርት ቤት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አያቱን ማሸነፍ ነው።

እዚህ ስትደርሱ ደግሞ አታስተርጉሙ! አያት አንድ ነገር ሲሉ ልጁ ዞር ብሎ የእናንተን ፊት ያያል፤ እናንተም ቸኩላችሁ ትነግሩታላችሁ። ተዉት። በእጁ ያሳይ፣ ይሳሳት፣ ይሳቁበት። ከሁሉ የሚሻለው ከጀልባው ላይ እናንተው መውረድ ነው። ታላላቆቹን ልጆችና አንድ የአገር ዘመድ ጨምራችሁ ላኳቸውና ሐይቁ ዳር ቡና ጠጡ።

የአዊ ልጆች፣ ለእናንተማ ሸክሙ ድርብ ነው። አያት የሚያወሩት አገውኛ ከሆነ አማርኛ ማስተማራችሁ ብቻውን አላዳናችሁም።

6. ከባሕር ዳር ወጣ ሲባል

መንገዱ ሰላም ከሆነ ዘንገና ሐይቅ እንጅባራ አጠገብ፣ ከዋናው አስፋልት ሳይርቅ ነው፤ አያት ብዙ ሳይራመዱ ያዩታል። በጥር መምጣት የምትችሉ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል አያምልጣችሁ፤ ፈረስ የማይወድ ልጅ አላየሁም። ግሽ ዓባይ፣ ሰከላ፣ ለጸበል ነው፤ ጸበል በባዶ ሆድ ስለሆነ ትንንሾቹን አታስርቡ። ደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ ነች፤ የድሮ ስሟን መንቆረርን የሚያውቅ ሽማግሌ ካገኛችሁ ከተማዋን እሱ ያሳያችሁ።

7. ሒሳብ

አያት በልጅ ልጃቸው ፊት ተጋባዥ አይሁኑ። ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ለብቻቸው ጠርታችሁ ገንዘቡን ስጧቸው፤ የጀልባውንም፣ የጭማቂውንም፣ የዓሣውንም እሳቸው ይክፈሉ። አንዳንዱ ሽማግሌ አልቀበልም ብሎ ይምላል፤ «ለልጆቹ ነው» በሉት፣ ይቀበላል። አስተናጋጁ ግን እናንተን አይቶ፣ ሒሳቡን በእናንተ ፊት ማስቀመጡ አይቀርም። ወደ እሳቸው ግፉት።