ፈረንሳይ ኤሌሜንተሪ ትምህርት ቤት ለተመደበችው እህታችን

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ከቨርጂኒያ በታፒፍ (ከአሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ረዳት መምህራን በሚልከው ፕሮግራም) ፈረንሳይ ኤሌሜንተሪ ደረሰኝ፣ ፈረንሳይኛዬ ደካማ ነው፣ ደሞዙ ይበቃል ወይ፣ ውሎውስ ምን ይመስላል ብለሽ ነበር የጠየቅሽው። እኔ 2022 ላይ ከሜሪላንድ ሄጄ ሰባቱን ወር ጨርሼ ስለመጣሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

የደረሰኝ ሻርልቪል-ሜዚየር ነው፣ ቤልጂየም ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ። ስራው በሳምንት 12 ሰዓት ነው ግን 12 ሰዓት ሲሉሽ በሁለት ቀን የሚያልቅ እንዳይመስልሽ፣ እኔ ሶስት ትምህርት ቤት ነበረኝ፣ እዚህ 45 ደቂቃ አስተምሬ አውቶቡስ ጠብቄ ወደ ሌላው፣ ከዛ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ የምሳ እረፍት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ ይሄዳል። ረቡዕ ብዙ ቦታ ትምህርት የለም፣ ስድስት ሰባት ሳምንት ከተሰራ በኋላም ሁለት ሳምንት ይዘጋል።

ደሞዙ ወደ 800 ዩሮ ነው። ትንሽ ከተማ ከሆነ ክፍል ተጋርተሽ ትኖሪበታለሽ፣ ፓሪስ ከሆነ ግን ይከብዳል። የመጀመሪያው ወር ላይ የኔ ዘግይቶ ነው የገባው፣ ባንኩ አድራሻ አምጪ ይላል፣ አከራይዋ የባንክ ወረቀት አምጪ ትላለች፣ በዚህ መሀል በያዝኩት ብር ነው የኖርኩት። ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ወር መኖሪያ ይዘሽ ሂጂ። የልደት ሰርተፍኬትሽንም እንዳትረሺ፣ ለጤና መድህኑ ይጠይቁሻል፣ አገር ቤት ከተወለድሽ ደግሞ እዛው ፈረንሳይ ባለ ሕጋዊ ተርጓሚ ነው የሚያስተረጉሙሽ። ቪዛሽን በገባሽ በሶስት ወር ውስጥ ኦንላይን ማረጋገጥም አለብሽ።

ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰባት ሰባት ዓመት የሆኑ ልጆች ፊት ቦርዱ ላይ እንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ ሁሉም ዝም። አንዷ ጠቋሚ ጣቷን ቀሰረች (እጅ ማውጣት እዛ እንዲህ ነው) እና ሜትረስ (መምህርት ማለት ነው)፣ እሱ አንድ ነው ሰባት ነው? አለችኝ። ለካ እኛ አሜሪካ እንደምንጽፈው ቀጥ ያለ 1 እና መሀሉ ላይ ያልተሰረዘ 7 ግራ ያጋባቸዋል፣ ፊደሉም እርስ በርስ ተያይዞ ካልተጻፈ ትንንሾቹ ማንበብ አይችሉም። ማታ ማታ እንደነሱ ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ አጻጻፍ ተለማመድኩ፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ ያቺው ልጅ አሁን ጥሩ ነው አለችኝ፣ ያን ቀን ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም።

ፈረንሳይኛሽ አያስፈራሽ፣ ልጆቹ ራሳቸው ያርሙሻል። ግን አንድ ነገር፣ የልጆቹ ኃላፊ የክፍሉ መምህር ነው። አንድ ትምህርት ቤት መምህሩ 26 ልጅ ጥሎብኝ ይወጣ ነበር፣ እኔም አፍሬ ዝም አልኩ፣ ዝም ማለት አልነበረብኝም፣ አንቺ ከመጀመሪያው ሳምንት ተናገሪ።

ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ደግሞ ይሄን እወቂ። ማተቤና ትንሽ የብር መስቀሌ ይታይ ስለነበር ዳይሬክተሯ ኮሪደር ላይ በትህትና ጠርታ ነገረችኝ። በ2004 የወጣው ሕግ ተማሪዎች ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት እንዳያደርጉ ነው፣ ሰራተኛ ላይ ግን ከዛም ይጠብቃል፣ ትንሽም ብትሆን መታየት የለባትም። ከፍቶኝ ነበር፣ ግን ማተቤን አልበጠስኩም፣ ከሹራቤ ስር አደረግኩት።

አሁን ከሁሉም በላይ የምልሽ ምሳሽን ከመምህራኑ ጋር ብዪ። ጥቅምትን ሙሉ አላስቸግራቸው ብዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዬን ሳንድዊች ስበላ ነበር፣ ብቸኝነቱ ሊገድለኝ ምንም አልቀረው። አንድ ቀን ዝናብ ሲይዘኝ አንዲት ትልቅ ሴትዮ መምህርት በመስኮት አይታ ጠራችኝ፣ ገባሁ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ማይክሮዌቭ፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ተቀምጧል። በማግስቱ ሽሮ ይዤ ሄድኩ፣ ሳሞቀው ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ ምንድነው ምንድነው ተባለ፣ በዳቦ እየጠቀሱ ጨረሱልኝ። ከዛ ወዲህ አውቶቡስ መጠበቅ ቀረ፣ በመኪና ያደርሱኛል፣ ባንኩ ጋ የደወለችልኝም ያቺው ሴትዮ ነች፣ እሁድ ቤቷ ምሳ እጠራለሁ። ስትገቢ ለእያንዳንዱ ቦንዡር በይ፣ ሰው ዘሎ መቀመጥ ነውር ነው፣ እሱ ላይ እንኳን እኛ አንታማም።

የትልልቆቹ ክፍል መምህርም እዛው ጠረጴዛ ላይ ነው ከኢትዮጵያ መሆኔን የሰማው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ የዛች ከተማ ልጅ ነው፣ 1880 ላይ ሐረር ገብቶ ቡና ሲነግድ የነበረው፣ መቃብሩም እዛው ሻርልቪል ነው። ክፍሉ ጠርቶኝ ካርታ ላይ ሐረርን አሳየኋቸው፣ የጀጎልን ግንብ ፎቶም አየን፣ አንዱ ልጅ ታዲያ እንዴት ነው የሄደው፣ በእግሩ ነው? ብሎ ጠየቀኝ፣ ከዛ በመርከብና በግመል እያልን 45 ደቂቃው አለቀ።

የተመደብሽበትን ከተማ ስም እዚሁ ጻፊልኝ፣ በዛ በኩል የሰሩ ሁለት ልጆች አውቃለሁ፣ ቤት ስትፈልጊ ይረዱሻል።