ከመጠይቁ በፊት፦ በአደጋ ጊዜ ሰውን ለመደገፍ ለምትሰማሩ ወጣቶች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ጦርነት፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ካፈናቀለው ሕዝብ ጋር በአእምሮ ጤናና በሥነ ልቦና ድጋፍ ለመሥራት የምትዘጋጁ ብዙዎቻችሁ፣ የደረሰባቸውን እንዲናገሩ እንዴት ልርዳቸው ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄያችሁ ከቀና ልብ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ 30 ዓመት ገደማ በዚህ ሥራ ከቆየሁ በኋላ ለአዲስ ሠራተኛ አስቀድሜ የምነግረው፣ ሰው ሊተርክላችሁ ካልፈለገ አትጎትጉቱት የሚለውን ነው።

ይህን የተማርኩት ከስህተቴ ነው። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት፣ የጭንቀትና የድባቴ ምልክቶችን የሚመዝን ረጅም መጠይቅ ይዤ በአንድ የተፈናቃዮች መጠለያ ወደ አንዲት እናት ድንኳን ገባሁ። ምን እንዳየች፣ ማን እንደሞተባት፣ ሌሊት ምን እንደሚያባንናት ጠየቅኋት፤ ዓይኗን ከውሃ ጄሪካኗ ላይ ሳትነቅል መለሰችልኝ። መሐል ላይ እጇን ዘርግታ የወረቀቶቹን ጫፍ ገለጥ አደረገችና፣ “ስንት ገጽ ቀረው?” አለችኝ። ከእኔ በፊት ሦስት ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው መጥተው እንደነበር፣ አንዳቸውም እንዳልተመለሱ፣ እርሷም ለሁላችንም የመለሰችው በሽሽቱ የጠፋባትን ልጇን እንፈልግላታለን ብላ ስላሰበች እንደነበር የገባኝ መጠይቁን ከጨረስኩ በኋላ ነው። በመጠይቄ ላይ ስለ ጠፋ ልጅ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። የጠፉ የቤተሰብ አባላትን የሚያፈላልጉት ሠራተኞች ደግሞ ከድንኳኗ የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ ነበሩ፤ ይህን የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

እንዲህ ያለው ጥፋት የእኔ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻዎች ከመታው ሱናሚ በኋላ ብዙ የድጋፍ ቡድኖች ያለ በቂ ቅንጅት ወደ ስፍራው ጎርፈው ነበር። የተባበሩት መንግሥታትና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች የሚገናኙበት የኢንተር ኤጀንሲ ቋሚ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2007 በአደጋ ጊዜ ስለሚሰጥ የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦናዊ ማኅበራዊ ድጋፍ የጋራ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ድጋፉን አራት እርከን ባለው ፒራሚድ ያሳያል። ሰፊው የታችኛው እርከን ደኅንነት፣ ምግብ፣ ውሃና መጠለያ የሰውን ክብር በጠበቀ መንገድ መድረሳቸው ሲሆን፣ ከእርሱ በላይ ቤተሰብና ማኅበረሰብ የሚደጋገፉበት፣ ቀጥሎ ስፔሻሊስት ያልሆኑ የሠለጠኑ ሠራተኞች የሚሰጡት ድጋፍ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የስፔሻሊስቶች ሕክምና ይገኛል።

ይህን ሥዕል ስታዩ ዓይናችሁ ወደ ጫፉ ይሮጣል፤ ሙያችሁ እዚያ ብቻ ያለ ይመስላችኋልና። እኔ ግን በፍርሃት እንቅልፍ ያጡ ሴቶችን ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ የተተከለ መብራት ሲያረጋጋቸው አይቻለሁ። ስለዚህ የውሃና የመጠለያ ሥራ የሚመሩ ባልደረቦች በሚሰበሰቡበት ሁሉ ተገኙ፤ ወረፋው ለአረጋውያን እንዴት እንደተዘጋጀ፣ ሐዘንተኞች እንደ እምነታቸው ለመቅበርና ለማልቀስ ቦታና ጊዜ ማግኘታቸውን ጠይቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ በሦስት ተግባራት ላይ ይቆማል፦ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። ሦስተኛውን፣ ሰውን ከሚያስፈልገው አገልግሎትና ከወገኖቹ ጋር ማገናኘትን፣ ብዙዎች ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ያን ቀን የጎደለኝ እርሱ ነበር። ሰዎች ገና ከድንጋጤው ሳይወጡ በአንድ ስብሰባ ሰብስቦ ያዩትን ሁሉ በዝርዝር እንዲተርኩ ማድረግም ኋላ የሚመጣን ሕመም እንደማይከላከል ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ዲያዜፓምን የመሰሉ ማስታገሻዎችን ለሐዘንተኛ ሁሉ ማደልም እንዲሁ ነው።

ያለቀሰ ሁሉ ታማሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት ግጭት በነካቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ድባቴ፣ ጭንቀት ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም እንደሚኖርበት ያመለክታል። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። የሌሎቹ አራቱ ሐዘንና ስጋት እውነተኛ ቢሆንም፣ ጸጥታ ሲሰፍን፣ ዘመድ ሲገኝና ሥራ ሲጀመር በአብዛኛው እየቀለለ የሚሄድ ነው። ችግሩ ለማይለቃቸው ደግሞ ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የተባለውን፣ የሠለጠነ የማኅበረሰብ አባል በአምስት ክፍለ ጊዜ ሊሰጠው የሚችለውን ድጋፍ የመሳሰሉ መንገዶች አሉ።

ልቤን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ከአደጋው በፊት በጽኑ ታመው የነበሩት ሰዎች ጉዳይ ነው። በሌላ መጠለያ፣ ከመጨረሻው የድንኳን ረድፍ ጀርባ፣ አንድ ወጣት እግሩ በሰንሰለት ከግንድ ጋር ታስሮ አገኘሁ። እናቱ ከአጠገቡ ሸራ አንጥፋ ትተኛ ነበር። ለዓመታት ሃሎፔሪዶል የተባለውን የጽኑ አእምሮ ሕመም መድኃኒት እየወሰደ ደኅና ይኖር እንደነበር፣ በሽሽቱ መድኃኒቱ አልቆ ለእርሱ ብቻ የሚሰሙት ድምፆች እንደተመለሱበት፣ ወደ ወንዙ እየሮጠ ሲያስቸግራት እንዳሰረችው ነገረችኝ፤ ሰንሰለቱ ቆዳውን እንዳይልጠው በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ያንን ጨርቅ ካየሁ ወዲህ ቤተሰብን ከመውቀሴ በፊት መድኃኒቱ ለምን እንዳልደረሰ እጠይቃለሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውም ፌኖባርቢታል የተባለውን የበሽታውን መድኃኒት በድንገት ሲያቋርጥ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊገጥመው ይችላል። እነዚህ ሰዎች ወደ ክሊኒኩ ወረፋ አይመጡም፤ የምትደርሱባቸው ጎረቤቶችን፣ አዋላጆችንና የሃይማኖት አባቶችን እየጠየቃችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ ነው።

ስለ ራሳችሁ ብዙ አልልም፤ እረፍታችሁን ውሰዱ፣ የምትነግሩት የበላይ አማካሪ ሳይኖራችሁ ለረጅም ጊዜ አትሥሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ኮንትራታችሁ ሲያልቅ ድንገት አትጥፉ። ከሳምንታት በፊት፣ በተለይ ለልጆች፣ የምትሄዱበትን ቀን ንገሯቸው፤ የሚተካችሁን ሰው ይዛችሁ ከድንኳን ድንኳን ዙሩ፤ መድኃኒት የሚወስዱትንም ሰዎች እነርሱ በተስማሙት መጠን አስተዋውቁት። ለዚያች እናት እኔ አራተኛዋ የማይመለስ ሰው እንዳልሆን በማግሥቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር፤ ወደ አፈላላጊዎቹ ድንኳንም አብረን በእግር ሄድን፤ የልጇን ስም በራሷ አፍ ፊደል በፊደል አስጻፈች።