ትሬድሚሉን ረግጠው ሳያዩ ገንዘብ አይቁጠሩ

ጥያቄ፦ ለቤት የሚሆን ትሬድሚል ልገዛ ነው። ክብደቴ 92 ኪሎ ነው። ሐኪሜ በቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ብዬ እንድራመድ አዞኛል፤ ወንዱ ልጄም ይሮጥበታል። ያየኋቸው ሁለት ማሽኖች ላይ «4 የፈረስ ጉልበት» ተብሎ ተጽፏል፤ የአንዱ ዋጋ ግን የሌላው እጥፍ ነው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሞተሩ ለአፍታ ብቻ የሚደርስበት ከፍተኛ ጉልበት ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ግን 40 ደቂቃ ሙሉ ሳይግል የሚሰጠውን ነው። ሻጩ የፊተኛውን ክዳን ፈትቶ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያሳይዎት። 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ፣ 1100 ዋት የሚል ሞተር 1.5 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ካርቶኑ የፈለገውን ይበል። ለእርስዎ እርምጃ ከ2 የፈረስ ጉልበት የማያንስ፣ ለልጅዎ ሩጫ ደግሞ ከ2.5 እስከ 3 ያስፈልጋል። ክዳኑን አልከፍትም የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ቦታ ይሂዱ።

ቀጥሎ ይውጡበትና በሰዓት 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ላይ አድርገው ይራመዱ። ብዙ ሰው ማሽን የሚፈትነው በፍጥነት ነው፤ ደካማ ሞተር ግን የሚጋለጠው በዝግታ ነው። ሙሉ ክብደትዎ የሚረገጠውን ላስቲክ ከሥሩ ባለው ጣውላ ላይ ሲጫነው ሰበቃው ይበረታል፣ ሞተሩም ቀስ ብሎ እየዞረ ያን ሁሉ መጎተት አለበት። እግርዎ ባረፈ ቁጥር ላስቲኩ ያዝ ለቀቅ ካደረገ ወይ ሞተሩ አቅም የለውም፣ ወይ ላስቲኩ ላልቷል፣ ወይ ጣውላው ዘይት አጥቶ ደርቋል። ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቆዩበት። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ይተዉት። እየዞረ የሚንገጫገጭ ድምፅ ደግሞ ላስቲኩ የሚዞርበት ሮለር ኩሽኔታ ማለቁን ይነግርዎታል።

ያገለገለ ከሆነ ከሶኬት ነቅለው እጅዎን በላስቲኩ ሥር ያስገቡ። ጣውላው ልሙጥ መሆን አለበት። እግር በሚያርፍበት መሐል ላይ ጎድጎድ ብሎ ከተሰማዎት በዘይት የሚድን አይደለም፤ ሰበቃው ሞተሩን ያግለዋል፣ መጨረሻ ላይ የሚቃጠለው ግን ከውድ ክፍሎቹ አንዱ፣ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ነው። ላስቲኩን መሐል ላይ ይዘው ሲያነሡት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ኩሽኔታውን ይጨርሳል፤ በላይ ከሆነ ከእግር ሥር ይንሸራተታል።

ስፋቱን ሲለኩ የሚረገጠውን ላስቲክ ብቻ ይለኩ፤ የግራና ቀኙ ፕላስቲክ አይቆጠርም። ለሩጫ 50 በ140 ሴንቲ ሜትር ዝቅተኛው ነው፤ ቁመቱ ከ1.80 ሜትር ለሚበልጥ ሰው ደግሞ ርዝመቱ 150 ይሁን። የሚሸከመው ክብደት ከእርስዎ ኪሎ ቢያንስ በ20 መብለጥ አለበትና 100 ኪሎ የሚለውን ይለፉት።

ስክሪኑ የሚያሳየው ፍጥነትም ይፈተናል። የላስቲኩን ሙሉ ዙር ይለኩና ጠርዙ ላይ ምልክት ይለጥፉ። ዙሩ 2.8 ሜትር ከሆነ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 36 ጊዜ ገደማ መዞር አለበት።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ የተጠቀመችበትን ልላክልህ ትላለች። ልቀበል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ማሽኑ በ220 ቮልት የሚሠራ ካልሆነ ባይቀበሉ ይሻላል። የአሜሪካው መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በስህተት በቀጥታ ሶኬት ላይ ከሰኩት ቦርዱ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ቮልቱን በትራንስፎርመር ዝቅ አደርጋለሁ ካሉም፣ 15 አምፒር የሚስብ ማሽን 1800 ዋት ይፈልጋል፤ ሲነሣ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባልና ትራንስፎርመሩ ከ3000 ዋት ማነስ የለበትም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ስለዚህ ማሽኑን እንደ ዳገት ከፊት ከፍ የሚያደርገው ትንሹ ሞተር ይዘገያል፣ ይግላልም። ከዚህ ላይ የማጓጓዣውንና የመለዋወጫውን ወጪ ይደምሩበት።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን መብራት ይመላለሳል፤ ቤት ውስጥም ሕፃናት አሉ። ምን ላስተውል? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሱቁ ውስጥ ሰው ሳይኖርበት በ4 ኪሎ ሜትር እየዞረ ሳለ ከሶኬት ይንቀሉት፣ መልሰው ይሰኩት። በራሱ ከተነሣ አይግዙት። መብራት ሲመለስ ሕፃን ላዩ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላልና ይህ ቸል የሚባል ጉድለት አይደለም። ልብስ ላይ የሚቆነጠጠውን የደኅንነት ቁልፍም ይሳቡት፤ ላስቲኩ ወዲያው መቆም አለበት። ቤት ከገባ በኋላ ቁልፉን ልጆች ከማይደርሱበት ያኑሩ። ማሽኑን ቀጭን ማከፋፈያ ላይ አይሰኩት፤ ገመዱ ይግላል፣ ቮልቱም ይወርዳል። መሬት ገመድ ያለው የራሱ ሶኬት ይኑረው። በየሦስት ወሩ ላስቲኩ ሥር ንጹሕ የሲሊኮን ዘይት ይቀቡት እንጂ የምግብ ወይም የመኪና ዘይት አይጠቀሙ፤ ላስቲኩን ይበላዋል።