ከፊልሙ የተረፈ ዜማ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ላካችሁ። ገሚሱ ጥያቄ ሳይሆን ሙግት ነው፣ እሱም ደስ ይላል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ ጨምቄ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ እነሆ። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አንድ የአሜሪካ ፊልም እያየሁ ድንገት የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ መጣ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከየት አገኙት?» ከሐዋሳ

ያየኸው «ብሮክን ፍላወርስ» መሆን አለበት። በ2005 የወጣ የጂም ጃርሙሽ ሥራ ነው፤ በዚያው ዓመት ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ግራንድ ፕሪ የተባለውን ሽልማት ወስዷል። ቢል መሪ ዶን ጆንስተን የሚባል፣ ከሶፋው መነሳት የታከተው ላጤ ሆኖ ይተውናል። አንድ ቀን ስም ያልተጻፈበት ሮዝ ደብዳቤ ይደርሰዋል፦ ሳታውቀው የተወለደ ልጅ አለህ የሚል። እሱ ደብዳቤውን ትቶ ሊቀመጥ ነበር። ጎረቤቱ ዊንስተን ግን አይተወውም። ዊንስተን ኢትዮጵያዊ ነው፣ የልጆች አባት ነው፣ ሥራ ከሥራ እየደራረበ የሚኖር ነው፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነፍሱ ነው። ካርታውን አውጥቶ፣ የመኪና ኪራዩን አመቻችቶ፣ መንገድ ላይ የሚሰማውን ሲዲ ሳይቀር አዘጋጅቶ ይልከዋል። አንተ የሰማኸው ያ ሲዲ ነው። «የገሌ ትዝታ»፣ «የከርሞ ሰው»፣ «ጉብልዬ» አሉበት።

እኔን የሚገርመኝ አመጣጡ ነው። ጃርሙሽ ኢትዮጵያዊ ጎረቤት ፈጥሮ ሙዚቃ አልፈለገለትም። የጋሽ ሙላቱን ሙዚቃ አስቀድሞ ይወደው ነበር። ይህን ሙዚቃ የአሜሪካ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ በምን ምክንያት ላስገባው ብሎ ሲያስብ፣ ጎረቤቱን ኢትዮጵያዊ አደረገው። ገጸ ባሕርይውን የወለደው ዜማው ነው ማለት ነው። ዜማውን ለዓለም ጆሮ ያደረሰው ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1998 ያወጣው፣ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ አራተኛ ሲዲ ነው።

ፊልሙን ደግመህ ካየኸው መኪናው ውስጥ ያሉትን ትዕይንቶች ልብ በል። የቢል መሪ ፊት ላይ ምንም የለም። አያዝንም፣ አይስቅም። ቤዙ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ሳክስፎኑ ያንኑ ሐረግ መላልሶ ይጠይቃል። ዶን አላምን ያለውን ጉጉት ሙዚቃው ይዞለታል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ የሚያለቅስ ፒያኖ ይደፋበት ነበር። (የዊንስተን የእንግሊዝኛ አነጋገር ሐበሻ ይመስላል አይመስልም በሚለው ላይ ጓደኞቼ እስካሁን አልተስማሙም። ጄፍሪ ራይት ግን ሰውዬውን ተወዳጅ አድርጎታል።)

«ሙዚቃ የሚሠራው ፊልሙ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ነው አይደል? ጓደኛዬ በፊት ነው ብሎ አስይዞኛል።» ከድሬዳዋ

ካስያዝከው ገንዘብ አብዛኛው ያንተ ነው። የተለመደው ፊልሙ ተቆርጦ ከተገጣጠመ በኋላ አቀናባሪው እያየ፣ ሰከንድ እየቆጠረ መጻፉ ነው። ጓደኛህን የሚያድነው ጣሊያናዊው አቀናባሪ ኤንዮ ሞሪኮኔ ነው። ዳይሬክተሩ ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1968 ላወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ሞሪኮኔ ሙዚቃውን ቀድሞ ጽፎ ነበር፣ ቀረጻው ላይም ይከፈት ነበር። ተዋናዮቹ የሚራመዱት ዜማውን እየሰሙ ነው። ሞሪኮኔና ሊዮኔ ሮም ውስጥ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል የተማሩ ልጆች መሆናቸው ራሱ ፊልም ይወጣዋል።

ግን አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጥ ብባል የነዚሁ የሁለቱን ሥራ፣ የ1965ቱን «ፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር» መጨረሻ እመርጣለሁ። ወንበዴው ኤል ኢንዲዮ ሲከፈት የሚዘምር የኪስ ሰዓት አለው። ኮሎኔል ሞርቲመር ፊቱ ቆሟል፣ ሽጉጡ ከእጁ ወጥቶ መሬት ላይ ነው። ኢንዲዮ ሰዓቱን ይከፍትና ዜማው ሲያልቅ ሽጉጥህን ለማንሳት ሞክር ይለዋል። ከሰዓቱ ቀጭን የደወል ድምፅ ይወጣል። ቀስ በቀስ ኦርኬስትራው ይደርብበታል። ከዚያ ደወሉ ብቻውን ይቀርና እየደከመ፣ እየደከመ ይሄዳል። ሊያልቅ ሲል ያው ዜማ እንደገና ይጀምራል! ክሊንት ኢስትዉድ ሌላውን መንትያ ሰዓት ከፍቶ፣ ጠመንጃውን ደግኖ ቆሟል። እዚህ ሙዚቃው ከውጭ የተለጠፈ ማጀቢያ አይደለም። ተዋናዮቹም ይሰሙታል፣ እኛም እንሰማዋለን፣ የሰው ዕድሜ የሚለካው በሱ ነው።

እዚያው 1968ቱ ፊልም መክፈቻ ላይ ደግሞ ሞሪኮኔ ሙዚቃ የለውም። የባቡር ጣቢያ፣ የሚንቋቋ የንፋስ ወፍጮ፣ ባርኔጣ ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ፣ አንዲት ዝንብ። በቃ። ዝም ማለት የሚያውቅ አቀናባሪ ብርቅ ነው።

«ልጄ አስፈሪ ፊልም ሲያይ ዓይኑን አይጨፍንም፣ ጆሮውን ይይዛል። ጤነኛ ነው?» የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከብዙዎቻችን ይበልጣል እህቴ። ሂችኮክ የ1960ውን «ሳይኮ» ሲሠራ የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲያልፍ ፈልጎ ነበር። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ግን ጻፈለት። በቫዮሊንና በወንድሞቿ ብቻ፣ ያ የሚጮኽ፣ የሚወጋ ድምፅ። ሂችኮክ ሰምቶ ሐሳቡን ቀየረ፣ ክፍያውንም ከፍ አደረገለት።

የ1975ቱ «ጆውስ» ላይ ደግሞ ጆን ዊልያምስ በሁለት ኖታ ብቻ ሻርክ ሠራ። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ መጀመሪያ ሲሰማ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሰው ሠራሹ ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸግሮ ስለነበር፣ አሳው በማይታይበት ቦታ ሁሉ የሚያስፈራው ሙዚቃው ነው። ልጅሽን አንድ ነገር አሳዪው፦ ሁለት ልጆች በካርቶን የሻርክ ክንፍ ሠርተው ባሕር ዳር ያለውን ሕዝብ ሲያስሸብሩ ሁለቱ ኖታዎች የሉም። ሙዚቃው አይዋሽም። ተመልካቹን ይህን ካስለመዱት በኋላ ታዲያ አሳው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ከጀልባው ኋላ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ ጆሮ መያዝም አያድንም።

«በወጣትነታችን የህንድ ፊልም ለማየት ተሰልፈን ትኬት እንቆርጥ ነበር። ልጆቼ ‘እነዚያ ተዋናዮች አልዘፈኑም’ ይሉኛል። እውነት ነው?» የ67 ዓመት አዛውንት፣ ከአዲስ አበባ

ጋሼ፣ ልጆችዎ ልክ ናቸው። ግን አይዘኑ። ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው ተዋናዩ ነው፣ ድምፁ የሌላ ሰው። በ1951ዱ «አዋራ» ራጅ ካፑር እየተንጎራደደ የሚዘፍነውን የዘፈነው ሙኬሽ ነው። ለናርጊስ የዘፈነችው ላታ ማንጌሽካር ናት። ይህችው ላታ በ1995 ለተዋናይቷ ካጆል ዘፈነች። ካጆል ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች፣ ላታ ስልሳዎቹን አጋምሳለች፣ ድምፁ ግን ኮረዳ ላይ ልክ ቁጭ አለ። ላታ በ2022 በ92 ዓመቷ ስታርፍ ህንድ ብሔራዊ ሐዘን አወጀች። ደግሞ ማንንም አላታለሉም። የዘፋኞቹ ስም በየሸክላው ላይ አለ፣ ሕዝቡም ከተዋናዩ እኩል ያውቃቸዋል።

«ኤዲተር ነኝ። ከፈረንጅ ፊልም 30 ሰከንድ ሙዚቃ ብወስድ ችግር የለውም ይባላል።» ከአዳማ

ችግር አለው። ሠላሳ ሰከንድ ነፃ ነው የሚል ሕግ የለም፣ ወሬ ነው። አንድ ቅጂ ላይ ቢያንስ ሁለት መብት አለ፦ የደራሲው የዜማ መብትና የተቀረጸው ድምፅ መብት። በእኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ሁለቱንም ይጠብቃል። አዋጁን ብትረሳው እንኳ ዩቲዩብ አይረሳውም። ፊልሙን ስትጭን ሲስተሙ ለይቶ ያወጣዋል፣ የማስታወቂያው ገቢም ወደ ባለመብቱ ሊሄድ ይችላል።

ሕጉን ተወውና፣ ለራስህ ስትል ተወው። ሰው የሚያውቀውን ዜማ ስትከፍት ያ ሌላ ፊልም ትዝ ይለዋል። የአንተ ተዋናይት እያለቀሰች ተመልካቹ መርከብ ይታየዋል። ሰፈርህ አንድ ክራር የሚነካ ልጅ አይጠፋም። ክፈለውና ያንተኑ ይሥራልህ።

«የአማርኛ ፊልም ላይ ሙዚቃው ንግግሩን ለምን ይውጠዋል?» ይህን ከየአቅጣጫው ጠይቃችኋል

ግማሹ የድምፅ ሚክሲንግ ነው። ምስሉ ላይ ገንዘቡ ያልቅና ድምፁ በመጨረሻው ሳምንት በጥድፊያ ይሠራል። ሰው ሲናገር ሙዚቃው ዝቅ ማለት አለበት፣ ይኸው ነው። ግማሹ ግን ፍርሃት ይመስለኛል። ተመልካቹ ያለ ሙዚቃ አያዝንልንም የሚል ፍርሃት። እናት ልጇን ስትቀብር ዋሽንት ባይጨመርም እናዝናለን እኮ!

ስንችል ደግሞ እንችላለን። የኃይሌ ገሪማን የ2008ቱን «ጤዛ» አንሱ። ሙዚቃውን የሠሩት ሳክስፎኒስቱ ጆርጋ መስፍንና ፒያኒስቱ ቪጄይ አየር ናቸው። አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ የገጠር ቤቱ ውስጥ ትውስታው ሲምታታበት ሙዚቃውም አብሮት ይምታታል። አልቅሱ ብሎ አያዝም። በ2009 ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት የወሰደ ፊልም ነው። ካላያችሁት አሁኑኑ፣ በጥሩ ስፒከር።

«የእማሆይ ጽጌማርያም ፒያኖ ፊልም ላይ ገብቷል ሲባል ሰማሁ። የትኛው?» ከናታንያ፣ እስራኤል

የማውቃቸው ሁለት ናቸው። በ2020 የወጣው «ታይም» የሚባለው ዘጋቢ ፊልም፣ ባሏ እስር ቤት ስለሆነባት አሜሪካዊት፤ እና የ2021ዱ «ፓሲንግ»፣ የርብቃ ሆል የጥቁርና ነጭ ፊልም። ሁለተኛው ላይ ፒያኖው እየተመላለሰ ይመጣል። ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ፣ በ1920ዎቹ ፋሽን ለብሰው ለሚሄዱ ሴቶች፣ የእኛ መነኩሲት ጣት! እማሆይ በ2023 እዚያው ኢየሩሳሌም ነው ያረፉት። መቼም ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

«አቤል ተስፋዬ ኦስካር ወስዷል አልወሰደም?» ከመቀሌ

አልወሰደም፣ ታጭቷል። «ኧርንድ ኢት» የተባለው ዘፈኑ በ2016 ታጭቶ መድረኩም ላይ ዘፍኖታል። የሳም ስሚዝ የጄምስ ቦንድ ዘፈን አሸነፈው። በዚያው ምሽት የ87 ዓመቱ ሞሪኮኔ በውድድር የመጀመሪያውን ኦስካር ወሰደ፣ ለታራንቲኖ ፊልም። ከዚያ በፊት የክብሩን ብቻ ነበር የሰጡት። ስለዚህ አቤል ገና ጊዜ አለው።

«የታይታኒክን ዘፈን ዳይሬክተሩ አልፈለገውም ነበር የሚሉት እውነት ነው?» ከዱባይ

እውነት ነው። ጄምስ ካሜሮን መጨረሻው ላይ ዘፈን አልፈለገም። አቀናባሪው ጄምስ ሆርነር ከግጥም ጸሐፊው ዊል ጄኒንግስ ጋር በድብቅ ሠራው። ሴሊን ዲዮንም መጀመሪያ አላማራትም፣ ባሏ ነው አግባብቶ ያስቀዳት። ሆርነር ቅጂውን ይዞ ካሜሮን ደስ የሚለውን ቀን ጠበቀና አሰማው። በ1998 ሆርነር ለማጀቢያውም ለዘፈኑም ኦስካር ወሰደ። በየሠርጉ በኦርጋን ለሚደረግበት ግን እሱን ተጠያቂ አታድርጉት።