ባሌ የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ በአራት ዓመት እንጨርሰው አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ 20/80 ደርሶን። ባንክ ወደ 400 ሺህ ብር ይቀርብናል፣ ጊዜው ደግሞ ገና 15 ዓመት አለው። በውሉ መሠረት የወር ክፍያችን 4,300 ብር ገደማ ነው። ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን "ዕዳ ተሸክሜ አልተኛም፣ በአራት ዓመት ጨርሼ ካርታዬን እወስዳለሁ" ብሎ በወር ከ10 ሺህ ብር በላይ ማስገባት ጀምሯል። ብሩ የሚመጣው ከትርፍ ሥራ ነው። ማታ ማታ የሰው ቤት መስመር ይዘረጋል፣ ቅዳሜና እሁድም እንደዛው። እኔን ከዕቁብ አስወጣኝ። አሁን ደግሞ ትልቋን ልጅ ከግል ትምህርት ቤት እናውጣት እያለ ነው። ትንሿ ባለፈው እሁድ አባቷን ቤት ስታገኘው "ዛሬ በዓል ነው እንዴ?" አለችኝ። ዕዳ መክፈል መጥፎ ነው አላልኩም። ግን እንዲህ ተሁኖ ነው የሚከፈለው?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለባለቤትሽ ልሟገትለት። ቶሎ መክፈሉ ሞኝነት አይደለም። የወለድ መጠኑን ስላልጻፍሽ 10 በመቶ ነው ብዬ አሰላሁት፣ ከምትከፍሉት ጋርም ይገጥማል። በዚህ ሒሳብ ከ4,300 ብር ውስጥ 3,300 የሚሆነው ወለድ ነው። ከዋናው ብድር የሚቀነሰው ሺህ ብር እንኳ አይሞላም። እንደ ውሉ እስከ መጨረሻው ብትሄዱ ከ400 ሺው ሌላ ወደ 374 ሺህ ብር ወለድ ትከፍላላችሁ። ይህን አይቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው አይፈረድበትም።

አሁን የእሱን መንገድ እንየው። በአራት ዓመት ለመጨረስ በወር 10,150 ብር ገደማ ያስፈልጋል። ወለዱ ወደ 87 ሺህ ይወርዳል። ጥሩ ነው። ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እሱን ያሰላችሁት አይመስለኝም። በወር 1,500 ብር ብቻ ብትጨምሩ፣ ማለትም 5,800 ብር ብትከፍሉ፣ ዕዳው በስምንት ዓመት ተኩል ያልቃል። ወለዱ 198 ሺህ አካባቢ ይሆናል። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያዋ 1,500 ብር ብቻዋን 176 ሺህ ብር ታድናለች። ከዚያ በላይ የሚጨመረው 4,350 ብር፣ ማለትም ማታውን፣ እሁዱንና የልጅቷን ትምህርት ቤት የሚበላው ገንዘብ፣ የሚያድነው 111 ሺህ ነው። ከፍ ያለው ጥቅም ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ከዛ በኋላ ላቡ ይበዛል፣ ትርፉ ይቀንሳል። ይህን ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ አሳዪው፣ በንግግር ብቻ ከሄድሽበት "ስንፍና ነው" ሊልሽ ይችላል።

የዋጋ ንረቱም አለ። ይህን ስናገር አንዳንድ አንባቢ ይቆጣል፣ ግን እውነት ነው፦ ዕዳው በብር ነው የተጻፈው፣ ጤፍ ቢወደድ አብሮ አይወደድም። በ2014 ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲወጣ የቤት ዕዳ ያለበት ሰው ክፍያው ባለበት ነበር። በእርግጥ ይህ የሚጠቅመው ገቢው ለጨመረ ሰው ነው። ደሞዙ ቆሞ የቀረ ሰው ምንም አልቀለለውም። የባለቤትሽ ግን የእጅ ሙያ ነው፣ የመስመር ዝርጋታ ዋጋ ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣል። ዛሬ 4,300 ብር ለማግኘት የሚሠራውን ያህል ከአምስት ዓመት በኋላ ላያስፈልገው ይችላል። ውላችሁን ግን አንብቡ፣ ባንኩ ወለዱን መቀየር ይችላል የሚል አንቀጽ ካለ ይህ ሒሳብ በዛው ልክ ይቀየራል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ቤታችሁ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አለ ወይ? ያለው ሁሉ ባንክ ከገባ፣ እሱ ደግሞ ሠርቶ ደክሞት መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው ነው፣ አንድ ቀን ቢወድቅስ? ባንኩ "ባለፈው ዓመት በብዛት ከፍለሃል፣ እንካ መልሼ ልስጥህ" አይልም። ያኔ ከሰው መበደር ነው። ስለዚህ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ የሚሆን ገንዘብ በቁጠባ ደብተር ይቀመጥ። አዎ፣ የቁጠባ ወለድ ከብድሩ ያንሳል፣ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዝቅተኛውን 7 በመቶ አድርጎታል፣ በዚህ ምሳሌ ልዩነቱ ሦስት በመቶ ነው። በመቶ ሺህ ብር ላይ በዓመት ሦስት ሺህ ብር ማለት ነው። ለዚያ ዓይነት ሰላም ሦስት ሺህ ብር ርካሽ ነው እላለሁ።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ከእሱ ጋር አልስማማም፣ በግልጽ ልንገርሽ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ይናቃል ማለቴ አይደለም። ሰፈራችሁ ያለው ጥሩ ከሆነ በራሱ ምክንያት ቀይሯት። ግን ስምንት ዓመት የሚፈጀውን ዕዳ አራት ዓመት ለማድረግ ሲባል ብቻ ልጅ ከጓደኞቿ አይነቀልም። ዕቁቡንም ተመለሺበት። ዕቁብ ሲደርስሽ የምታገኚውን ጠቅላላ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ዋናው ብድር ላይ ማሳረፍ ይቻላል፣ ደግሞም ከተማው ጫፍ ላይ ስትኖሪ ጎረቤት የሚያስፈልግሽ ለብር ብቻ አይደለም።

እንዴት ልጀምር ካልሽ፣ እንዲህ አድርጊ። ትርፍ ሥራው በሳምንት ሁለት ማታና ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሁን፣ እሁድ አይነካ። ከዚያ ከሚመጣው መጀመሪያ መጠባበቂያው ይሙላ፣ ከዚያ 1,500ው ይግባ፣ የተረፈው ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀመጥ። ጳጉሜ ላይ መሯሯጥ ይቅር። በተለይ በተለይ ግን ቅርንጫፋችሁ ሄዳችሁ "ተጨማሪው ክፍያ ከዋናው ብድር ይቀነስልን" ብላችሁ በማመልከቻ አስጽፉ፣ ማህተም ያለበት ቅጂም ይዛችሁ ውጡ። ዝም ብሎ የገባ ብር የሚቀጥለው ወር ክፍያ ሆኖ ሊያዝ ይችላል፣ ያኔ ባለቤትሽ ማታ ማታ የሚደክምለት ነገር በሙሉ ያሰበውን አላደረገም ማለት ነው። እስካሁን የገባውም እንዴት እንደተያዘ የሒሳብ መግለጫ አስወጡና እዩ። አስቀድሞ ለመክፈል የሚጠየቅ ክፍያ ካለም ውሉ ላይ ይገኛል።

ሌላ ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። አሜሪካ ያለችው እህቴ "ዶላሩ ከፍ ብሏል፣ የቀረህን ዕዳ በሙሉ ልክፈልልህ" አለችኝ። ሚስቴ "ተቀበል" ትላለች። እኔ ይከብደኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህትህ ሒሳቡን አውቃዋለች። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ገበያው ሲለቀቅ በወራት ውስጥ ከ100 አልፏል፣ ያንተ ዕዳ ግን በብር ያው ነው። ለእሷ ቀሏል፣ ስለዚህ እኔም ተቀበል ነው የምልህ። ነገር ግን ስጦታ ነው ወይስ ብድር፣ ወይስ ቤቱ ላይ ድርሻ እያሰበች ነው? አሁን በስልክ ጠይቃት፣ ከዚያ በአጭሩ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ወንድማማችና እህትማማች የሚጣላው እንዲህ ያለ ነገር በዝምታ ሲያልፍ ነው። ድርሻ ካለች ሚስትህ ሳትስማማ እሺ እንዳትል፣ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ላይ ለሌላ ሰው መብት የሚሰጥ ውል ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይፈቅድም። ገንዘቡን በባንክ በኩል ትላክ። ዕዳው ሲያልቅ ደግሞ የባንኩን ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለበትም የሚለውን ደብዳቤ፣ ይዘህ ክፍለ ከተማ ድረስ ሂድና ቤቱ ላይ ያለው ዕገዳ መነሳቱን አረጋግጥ፣ ብዙ ሰው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ይህን ይረሳና ቤቱን መሸጥ ወይም ማውረስ ሲፈልግ ነው ትዝ የሚለው።