ቬነስ ለምን ወደ ኋላ ትሽከረከራለች? ዩራነስስ ለምን ተጋደመ?

ጥያቄ፦ ፕላኔቶች በሙሉ ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና እንደተፈጠሩና ፀሐይንም በአንድ አቅጣጫ እንደሚዞሩ አንብቤአለሁ። እንዲህ ከሆነ ቬነስ በዛቢያዋ ላይ ከአብዛኞቹ በተቃራኒ፣ ዩራነስ ደግሞ በጎኑ ተጋድሞ የሚሽከረከሩት ለምንድን ነው? ምድራችንስ አንድ ቀን አቅጣጫዋን ልትቀይር ትችላለች?

መልስ፦ የጥያቄዎ መነሻ ትክክል ነው። ከ4.6 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በዝግታ ይሽከረከር የነበረ ደመና በራሱ ስበት ወደ መሀል እየተሰበሰበ ሲሄድ፣ ሽክርክሪቱ እየፈጠነ፣ ቅርጹም ጠፍጣፋ እየሆነ ሄደ፤ ከመሀሉ ፀሐይ፣ ከዙሪያው ደግሞ ፕላኔቶች ተፈጠሩ። ከምድር ሰሜን ዋልታ በላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት፣ ስምንቱም ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩት፣ ፀሐይም ራሷ በዛቢያዋ ላይ የምትሽከረከረው የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው።

ይሁን እንጂ ምህዋርና ሽክርክሪት እኩል ጽናት የላቸውም። አንድ ፕላኔት ፀሐይን የሚዞርበትን አቅጣጫ ለመገልበጥ እጅግ ግዙፍ ኃይል ያስፈልጋል፤ በዛቢያው ላይ ያለውን ሽክርክሪት ለማዛባት ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰ ይበቃል። ስለዚህ ምህዋሩ የትውልዱን አቅጣጫ እንደያዘ ሲቀር፣ ሽክርክሪቱ ፕላኔቱ ከተፈጠረ በኋላ የደረሰበትን ሁሉ ይሸከማል።

ከዩራነስ እንጀምር። ዊልያም ሄርሼል እ.ኤ.አ. በ1781 ያገኘው ይህ ፕላኔት ዛቢያው በ97.8 ዲግሪ ያዘመመ በመሆኑ ፀሐይን የሚዞረው እንደተጋደመ ነው። አንድ ዙር የሚፈጅበት 84 ዓመት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ዋልታ 42 ዓመት ያህል በብርሃን፣ 42 ዓመት ያህል ደግሞ በጨለማ ይቆያል። ቮዬጀር 2 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1986 በአጠገቡ ስታልፍ ደቡብ ዋልታው በቀጥታ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ወደ ፀሐይ ዞሮ ነበር። ለዚህ ሰፊ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ግጭት ነው፤ ፕላኔቶች ገና በመገንባት ላይ በነበሩበት ዘመን፣ ከምድር የማያንስ ግዝፈት ያለው አካል መትቶ አጋደመው ይባላል፤ ከአንድ በላይ ግጭት መድረሱን የሚያምኑም አሉ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ትልልቆቹ የዩራነስ ጨረቃዎችም የሚዞሩት በዚያው በተጋደመው ወገቡ ትይዩ መሆኑ ነው። ጨረቃዎቹ ተፈጥረው ካበቁ በኋላ ፕላኔቱ በድንገት ቢመታ ኖሮ ተከትለውት ባልተጋደሙ ነበር፤ ስለዚህ አደጋው የደረሰው እነርሱ የተሠሩበት ቁስ ገና በዙሪያው ተበትኖ በነበረበት ጊዜ መሆን አለበት።

ለቬነስም ግጭትን በምክንያትነት የሚያቀርቡ አሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ሌላው ማብራሪያ ነው፤ ምክንያቱም ከአቅጣጫዋ ይልቅ የሚያስደንቀው ዝግታዋ ነው። ጥቅጥቅ ያለው ደመናዋ ገጽዋን ስለሸፈነው ሽክርክሪቷ በቴሌስኮፕ ሊለካ አልቻለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሳይንቲስቶች የራዳር ሞገድ ወደ እርሷ ልከው የተመለሰውን መረመሩ፤ ወደ እኛ ከሚመጣው የፕላኔቷ ጠርዝ የተንጸባረቀው ሞገድ ሲያጥር፣ ከሚርቀው ጠርዝ የተንጸባረቀው ደግሞ ይረዝማል። ከዚህ ልዩነት የተገኘው ውጤት፣ ቬነስ አንድ ጊዜ በዛቢያዋ ላይ ለመሽከርከር 243 የምድር ቀናት እንደሚፈጅባት፣ ያውም ወደ ኋላ እንደሆነ አሳየ። ፀሐይን የምትዞረው በ225 ቀናት ስለሆነ አንድ ሽክርክሪቷ ከዓመቷ ይረዝማል። የምድር ወገብ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ የቬነስ ወገብ የሚጓዘው 6.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ፀሐይ በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ ትጠልቃለች፤ ከአንዱ ንጋት እስከ ቀጣዩም 117 የምድር ቀናት ያልፋሉ።

ይህን ያህል በዝግታ የሚሽከረከር አካል በትንሽ ኃይልም ቢሆን ወዲያና ወዲህ ይላል። በቬነስ ላይ የሚፎካከሩ ሁለት ኃይሎች አሉ። የመጀመሪያው የፀሐይ ስበት ጠጣሩን አካሏን በመጠኑ እየለጠጠ ሽክርክሪቷን የሚገታበት ነው፤ ይህ ብቻውን ቢሆን አንድ ገጽዋ ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ እንዲዞር ባደረጋት ነበር። ሁለተኛው የሚመጣው በገጽዋ ላይ ያለው ግፊት ከምድሩ 90 እጥፍ ከሚበልጠው ከባቢ አየሯ ነው። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ስለሚሸሽ ክብደቱ በፕላኔቷ ዙሪያ እኩል አይከፋፈልም፤ ፀሐይ ይህን ያልተስተካከለ ክብደት ስትስብ ቬነስን ከዚያ እርጋታ ታወጣታለች። እ.ኤ.አ. በ2001 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ አሌክሳንደር ኮሬያ እና ዣክ ላስካር እነዚህ ኃይሎች ቬነስን በሁለት መንገድ አሁን ወዳለችበት ሁኔታ ሊያደርሷት እንደሚችሉ በስሌት አሳይተዋል፤ ዛቢያዋ ቀስ በቀስ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዛቢያዋ ባለበት ሳለ ሽክርክሪቷ እየዘገመ ቆሞ ወደ ኋላ ጀምሮ። በመጻሕፍት ውስጥ የዛቢያዋ ዝንባሌ 177.4 ዲግሪ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ የተገለበጠች ያህል ተብሎ ቢያዩም አይደናገሩ፤ የሚሾር እንዝርት ሽረቱን ሳይለውጥ ቢገለበጥ ከላይ ለሚያየው በተቃራኒ እንደሚሾር ሁሉ፣ ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱት ወደ አንድ ውጤት ነው።

ስለ ምድር የጠየቁት አያሳስብዎ። ትልልቆቹ ግጭቶች የፕላኔቶች ግንባታ ሲያበቃ አብረው አብቅተዋል፤ ምድርም በፍጥነት ስለምትሽከረከር፣ ከቬነስ ጋር ሲነጻጸር ስስ የሆነው ከባቢ አየሯ አቅጣጫዋን ሊያስለውጣት አይችልም። የጨረቃ ስበት በርግጥ እየገታት ነው፤ ቀናችን በየመቶ ዓመቱ በ2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይረዝማል። ሆኖም ይህ መገታት ሊያደርሳት የሚችለው የምድር ሽክርክሪትና የጨረቃ ዙረት እኩል ጊዜ እስከሚፈጁበት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ አልፎ ወደ ኋላ አይመልሳትም፤ ለፀሐይ የቀራት 5 ቢሊዮን ዓመት ገደማም ወደዚያ እንኳ ለመድረስ አይበቃም።